ጋሽ ለገሠ ለሥራ ጉዳይ ወደ ዛንዚባር

በየመሥሪያ ቤቱ የቅጥር ደብዳቤ የሌለው፣ ደመወዝ የማይከፈለው፣ ነገር ግን ከሥራ ገበታው የማይለይ አንድ ባል አለ። የሠራተኛዋ ባል ነው። መጀመሪያ የሚመጣው የረሳችውን መነጽር ሊያቀብላት ነው። በሳምንቱ ምሳ ያመጣል። በወሩ የራሱ ወንበር ይኖረዋል፤ በዓመቱ ስብሰባ ላይ አስተያየት ይሰጣል። የእናንተ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ከሌለው ምናልባት ሰውዬው እናንተው ናችሁ።

የእኛው ክቡር አቶ ለገሠ ይባላሉ። እኔ የምሠራው ሐረር፣ በከተማው ግንብ ውስጥ ያሉትን የጁገልን አሮጌ ቤቶች ጥገና በሚከታተል ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ኃላፊያችን ወይዘሮ ለተማርያም ናቸው። የድንጋይና የኖራን ነገር ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፤ ግድግዳውን ዳበስ አድርገው ውሃው በየት በኩል እንደገባ ይነግሯችኋል። ጋሽ ለገሠ ባለቤታቸው ናቸው፤ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር። የሚያስተምሩት ጠዋት ጠዋት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የእኛ ናቸው።

ስለ ቢሯችን ሲናገሩ "በእኛ በኩል" ብለው ነው የሚጀምሩት። "በእኛ በኩል ኖራው ገና አልደረሰም።" "በእኛ በኩል ያ ጣሪያ ከዝናቡ በፊት ያልቃል ብለን ነው የያዝነው።" አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዳን ጋሽ ለገሠ ግማሽ ቀን ሙሉ ጁገልን አስጎብኝተው ሸኟቸው። እንግዳው በማግስቱ ደውለው ምክትል ኃላፊያችሁን አመስግኑልኝ አሉን። ምክትል ኃላፊ የለንም።

ሌላው ነገራቸው ባሕር ነው። እኔ ተማሪያቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ። ማዕበሉን በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ሲሥሉት ከፊት የተቀመጥነው ልጆች እግራችንን እንሰበስብ ነበር። ታዲያ እኚህ ሰው ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ድሬዳዋ ወርዶ ባቡር የተሳፈረ ሰው ሁሉ ጅቡቲ ሲደርስ የሚያየውን ባሕር ማለቴ ነው። አንድ ክረምት የትምህርት ቤቱ መምህራን ተሰባስበው ጅቡቲን ሊጎበኙ ሲሄዱ ጋሽ ለገሠ አልሄድም አሉ። ቢለመኑ፣ ቢለመኑ እምቢ። ሙቀቱን ጠልተው ነው ተባለ፤ ዓሣ አይወዱም ተባለ፤ በመጨረሻ ከተማው የባሕሩ መምህር ባሕር ይፈራሉ ብሎ ደመደመ።

ባለፈው ክረምት ስለ አሮጌ ከተሞች ጥገና ዛንዚባር ላይ ሥልጠና ተዘጋጀና ወይዘሮ ለተማርያምና እኔ ተጋበዝን። እሳቸው ስለ ጁገል ቤቶች ጥናት ያቀርባሉ፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ሆኜ ሥዕሎቹን እቀያይራለሁ። ከሥልጠናው በኋላም የዓመት ፈቃዳቸውን ጨምረው ከባለቤታቸው ጋር ጥቂት ቀን ሊያርፉ ወሰኑ። ከተጋቡ ጀምሮ ዕረፍት ብለው የሄዱበት ቦታ አልነበረም። ልጆች ማሳደግ ነበረ፣ ቤት ማደስ ነበረ፣ ከዚያ ደግሞ ልጆች መዳር። ስለዚህ ሐሳቡ እጅግ ጥሩ ነበር። ችግሩ ሥራው የማን፣ ዕረፍቱ የማን እንደሆነ ለጋሽ ለገሠ በደንብ የነገራቸው የለም።

ፈረስ መጋላ ገበያ ሻንጣ የሚሸጠው ሙሳ የሚሄዱት ባለቤትዎ አይደሉም እንዴ፣ እርስዎ ምን ሊሠሩ ነው ብሎ ቢጠይቃቸው፣ በእኛ በኩል ልምድ ልናካፍል ነው አሉት። ሙሳ "ማሻአላህ" ብሎ ትልቁን ሻንጣ አወረደላቸው። ሻንጣው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቆሎ፣ የምግብ ማብሰያ ምድጃና አንድ ግዙፍ ጥቁር ጃንጥላ ዋጠ። በዚያ ወቅት ዛንዚባር ላይ ዝናብ እንደማይጥል ያስተማሩኝ ራሳቸው ነበሩና ጃንጥላው ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። "ለጥንቃቄ ነው" አሉኝ።

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ስንነሳ የመስኮቱን ወንበር ያዙ። ስምጥ ሸለቆውን፣ ሐይቆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ ከፊትም ከኋላም ላለው ተሳፋሪ አስተማሩ። አስተናጋጇ ሳትቀር ጎንበስ ብላ አየች። ይሁን እንጂ ወደ ዛንዚባር መቃረባችን ሲነገር የመስኮቱን መከለያ ቁልቁል ሳቡና ዓይናቸውን ጨፍነው ራሴን አሞኛል አሉ። ወይዘሮ ለተማርያም ጥናታቸውን እየደገሙ ስለነበር ልብ አላሉም። እኔ ግን ሐረር እውነቱን ነው ለካ፣ ይፈራሉ አልኩ በሆዴ።

ሆቴሉ ስንደርስ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያሳይ ክፍል ሰጧቸው። ሰው ተሰልፎ የሚለምነው ክፍል ነው። ጋሽ ለገሠ ግን ነፋስ አይስማማኝም ብለው የጓሮውን ግድግዳ በሚያሳይ ክፍል አስለወጡት። በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥልጠናው አዳራሽ ስንሄድ፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ጃንጥላውን ዘርግተው በባሕሩ በኩል ዘንበል አድርገው ያዙ። ቆመው ያዩን ሰዎች ነበሩ። እኔ ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቼ የማላውቃቸው መሰልኩ።

ጋሽ ለገሠ ወደ አዳራሹ የመጡት ባለቤታቸውን ሊያደርሱ ብቻ ነበር። ነገር ግን ከኮሞሮስ ይመጣል የተባለ ዑመር የሚባል ሠልጣኝ ቀርቶ ኖሮ፣ በር ላይ የቆመችው ልጅ የዑመርን የስም ካርድ አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው። ስሕተት መሆኑን እንንገራት እንጂ ብላቸው፣ ሐረር ተወልጄ ዑመር ብባል ምን ይገርማል፣ አቦከር ሰፈር አብሮኝ ያደገው ሰው ግማሹ ዑመር ነው አሉኝ። ገብተው የፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ በቡድን ስንከፋፈል ሰብሳቢ ሆነው ተመረጡ። በማግስቱ ሚስተር ዑመር ሳይመጡ ስብሰባ አይጀመርም ነበር። አሠልጣኛችን አይሻ፣ የዛንዚባር ልጅ ናት፣ በጣም ወደደቻቸው። ማታ ማታ እኛ ዳርቻ ዳርቻውን ለመንሸራሸር ስንወጣ እሳቸው ደክሞኛል ብለው ክፍላቸው ውስጥ ሽሮ ይሠራሉ።

ነገሩ የተበላሸው ወይዘሮ ለተማርያም ጥናታቸውን በሚያቀርቡበት ቀን ጠዋት ነው። አይሻ ሐረር ላይ ኖራ በውሃ እንዴት እንደሚበርድ ጠየቀቻቸው። ወይዘሮ ለተማርያም አፋቸውን ሳይከፍቱ ከፊተኛው ረድፍ "በእኛ በኩል" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ለገሠ ተነሥተው አብራሩ። በደንብ አብራሩ፤ ያብራሩት ግን ስሕተት ነበር። አዳራሹ ሙሉ የኖራ ባለሙያ ስለነበር ሁሉም አወቀ። ወይዘሮ ለተማርያም ወረቀታቸው ላይ አቀረቀሩ።

ሻይ ሰዓት ላይ ባላቸውን ኮሪደሩ ጥግ ወሰዷቸው። እኔ ሲኒ ይዤ አጠገባቸው ቆሜ ስለነበር መውጫ አጣሁ።

"ለገሠ፣ እዚህ የተጠራሁት እኔ ነኝ" አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "አንድ ጊዜ እንኳ ስለ ሥራዬ ራሴ ልናገር። አንተ ወጣ በል። ከተማውን እይ። ባሕሩን እይ።"

"ባሕሩን?" አሉ ጋሽ ለገሠ።

"አዎ፣ ባሕሩን። ሰው ሁሉ እያየው አይደል?"

ጋሽ ለገሠ የዑመርን ካርድ ከአንገታቸው አውልቀው ለእኔ ሰጡኝና ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ።

ለምሳ አልመጡም። ስልካቸው እዚያ አገር አይሠራም። ወይዘሮ ለተማርያም ምግቡን አልነኩትም፤ በሩን ያያሉ። ጥናታቸውን የሚያቀርቡበት ሰዓት ሲደርስ ይቅርብኝ ይሆን አሉኝ። ያቅርቡ፣ እንደጨረሱ ወጥቼ እፈልጋቸዋለሁ አልኳቸው።

ሲጀምሩ አንዱን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበቡ። የመጀመሪያውን ሥዕል ሳሳይ፣ ያው የሚያውቁት ግድግዳ ነውና፣ ረጋ አሉ። ሐዋ የሚባሉ እናት ግድግዳቸው ተደርምሶ ሳለ ከቤቴ አልወጣም ብለው፣ እኛ ድንጋዩን በላያቸው ስንክብ እሳቸው ከሥር ሆነው ሲቆጡን የከረሙበትን ታሪክ ሲያወሩ አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። የኖራውንም ነገር በራሳቸው አንደበት፣ ቀስ ብለው፣ በትክክል አስረዱ። ሲጨርሱ ሰው ቆሞ አጨበጨበላቸው። እሳቸው ግን የሚያዩት የፊተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ባዶ ወንበር ነበር።

ጠያቂው ሲከባቸው በዓይናቸው ምልክት ሰጡኝና ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሄድኩ። ጀልባ አለ፣ ዓሣ ሻጭ አለ፣ ጋሽ ለገሠ የሉም። እርምጃዬን አፈጠንኩ፤ የሚፈሩትን ነገር እዩ ተብለው የተባረሩ ሰው ናቸው። በኋላ ትዝ ሲለኝ በጠራ ሰማይ ጃንጥላ የዘረጋ ሰው አይታችኋል ወይ ብዬ በምልክት መጠየቅ ጀመርኩ። ሁሉም አይቷቸዋል። ሁሉም የሚጠቁመኝ ግን ከባሕሩ ወደ ኋላ፣ ወደ ጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ነበር።

ያገኘኋቸው በር የሚጠርቡ አንድ ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ ነው። ዱካ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ሽማግሌው አማርኛ አይችሉም፣ ጋሽ ለገሠ ስዋሂሊ አይችሉም፤ ወሬው ግን ደርቷል።

"ጋሽ ለገሠ፣ ባሕሩን አዩት?"

"አላየሁም።"

"ፈርተው ነው?" አመለጠኝ።

ሳቁ። ከዚያ ነገሩኝ። ከወይዘሮ ለተማርያም ጋር ገና ሳይጋቡ፣ ከሐረር በላይ ያለው ሐኪም ጋራ ላይ ወጥተው፣ ከተማውን ቁልቁል እያዩ ተቀምጠው፣ ያኔ ወጣት መምህር የነበሩት ጋሽ ለገሠ ልጅቷን ለማስደመም ስለ ባሕር ያወሩላታል። አይተው አያውቁም፤ ግን ያወራሉ። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ ካለ እኔ እንዳታየው ትላቸዋለች። ይምላሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ጅቡቲ ያልሄዱት ለዚህ ነበር። እዚህም ከመጡ ጀምሮ እሷ ሥራ ላይ ናት፤ ሥራዋን እስክትጨርስ መጠበቅ አለባቸው፤ ግን ደሴት ላይ ሆኖ ባሕር ሳያዩ መቆየት እንዲህ ከባድ መሆኑን አላሰቡትም።

"መንገዱ ሁሉ መጨረሻው ባሕር ነው" አሉኝ። "በየማዕዘኑ ሰማያዊ ነገር ብቅ ሲል እመለሳለሁ። የማይታየው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነበር።"

ለምን አልነገሯቸውም አልኳቸው። ረስታዋለች፣ ልጅ ነበረች፣ ይረሳል አሉ። ደግሞ ከሥራዋ ሐሳቧን ልከፍልባት አልፈለግሁም አሉ፤ ይህን ሲሉ ቀልድ አልነበረባቸውም።

ተመልሼ ለወይዘሮ ለተማርያም ነገርኳቸው። ያገኙት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ጅቡቲንም?" አሉ።

"ጅቡቲንም።"

አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ፤ ይስቁ ያልቅሱ አልለየሁም። የመዝጊያው ፕሮግራም ሊጀመር ነበር፤ አይሻ ስለ ጥናታቸው የምታደርገው ንግግር ነበራት። ቦርሳቸውን አነሡና አይሻን ይቅርታ ጠየቋት፤ በእኛ በኩል ሥራው አልቋል አሏት። እኔን ደግሞ ምራኝ አሉኝ።

ሱቁ ስንደርስ ጋሽ ለገሠ ከዱካው ተነሥተው ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ስለ ጠዋቱ ይቅርታ ሊሉ ጀምረው ነበር። ወይዘሮ ለተማርያም አላስጨረሷቸውም። ጃንጥላውን ከእጃቸው ተቀብለው አጠፉት።

"ና" አሉ። "እንየው።"

በጠባቡ መንገድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀደሙኝ። ሐረር ላይ እንዲህ ሲሄዱ አይቻቸው አላውቅም። መንገዱ ሲያልቅ ድንገት ሰፊው ውሃ ተከፈተ፤ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። እኔ ትምህርቱን ጠበቅሁ። ሞገዱን፣ ጥልቀቱን፣ ነፋሱን ከየት ወደየት ሊሉን ነው ብዬ ነበር። ጋሽ ለገሠ ግን ጫማቸውን አወለቁ። ወይዘሮ ለተማርያም ቀድመዋቸው በቢሮ ቀሚሳቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ገብተዋል። ጋሽ ለገሠ ተከተሉ፤ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ።

"ለተዬ" አሉ። "ጨው ነው። እውነቴን ነው ሳስተምር የኖርኩት።"

ወይዘሮ ለተማርያም እስኪደክማቸው ሳቁ፤ እንዳይወድቁ የባላቸውን ትከሻ ይዘው።

ጃንጥላውን አሸዋው ላይ ትቼላቸው ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ። አቦከር ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ሩት የምትባል ልጅ አለች። እንጋባለን፣ መቼ የሚለውን ግን ሁለታችንም ሥራ በዛብን እያልን ስናቆየው ነበር። በሆቴሉ ኢንተርኔት ደወልኩላትና የዓመት ፈቃድሽ መቼ ነው አልኳት። ምነው ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ባሕሩ እንዴት ነው ብላ ጠየቀችኝ።

"ገና አላየሁትም" አልኳት።

ስልኬ ላይ ምሽት ምሽት ያነሣኋቸው የባሕር ፎቶዎች ነበሩ። አንዱንም አልላክሁላትም ነበርና ሁሉንም አጠፋኋቸው።