ግራ እጇን ያነሳችው የገሠሠ ጦጣ

ታሪክ ሠሪው ሰፊው ሕዝብ ነው ይባላል። ይሁን። በእኛ ቀበሌ ግን አንዲት ጦጣም ድርሻ እንደነበራት ሳይመሰክሩ ማለፍ ንፉግነት ነው።

አብዮቱ ትርፍ ቤቶችን ከወረሰልን ወዲህ እዚህ ናዝሬት አከራያችን ቀበሌው ሆኗል። የድሮ አከራይ ሲናደድ "ውጣልኝ" ብሎ በአንድ ቃል ይገላግል ነበር። ቀበሌያችን የሠለጠነ አከራይ ስለሆነ በመጀመሪያ ስብሰባ ይጠራል።

ወንጂ ሸንኮራ ቆርጦ የሚያድረው ገሠሠ፣ ከሶደሬ ያመጣት ብርቄ የምትባል ጦጣ ነበረችው። ሚስት የለው፣ ዘመድ የለው። ማታ ሲገባ ሸንኮራውን ከፍ አድርጎ ያሳያታል፤ ግራ እጇን ሽቅብ ዘርግታ ትቀበለዋለች፤ ከዚያ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመጥጣሉ። ቤተሰቡ እሷው ነበረች።

አንድ ቀን ታዲያ ብርቄ ጎረቤቷ ወይዘሮ ሸዋወርቅ ፀሐይ ላይ ያሰጣችው በርበሬ ላይ ተንከባለለችበት። ግቢው በሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ። ሸዋወርቅ ለአከራያችን አቤት አለች፤ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ ተከሳሿም በገመድ ታስራ ከነጌታዋ ቀረበች።

"ጓዶች" አሉ ሊቀመንበሩ ጓድ ተክለሃይማኖት፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፤ "ወቅታዊውን ተጨባጭ ሁኔታ ስንገመግም፣ የመንግሥት ቤት የተሰጠው ለጭቁኖች እንጂ ለአራዊት አይደለም። ወይ ጦጣዋ ትባረር፣ ወይ ገሠሠ ቤቱን ይልቀቅ።"

"በርበሬውን እተካለሁ" አለ ገሠሠ። "ከእሷ ሌላ ማን አለኝ?"

"ስሜታዊነት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ ነው" አሉት።

ሆኖም ያለ መፈክር ውሳኔ የለምና ሁላችንም ተነሥተን፣ ግራ እጃችንን ጨብጠን ሽቅብ ሰቅለን "ኢትዮጵያ ትቅደም" አልን። ይሄኔ ገሠሠ ትከሻ ላይ የተቀመጠችው ብርቄ ያን ሁሉ የተዘረጋ እጅ አየች። ቀጥ ብላ ቆመችና ግራ እጇን ወደ ላይ ሰቀለች።

መፈክሩ አልቋል፤ ግን ከጦጣዋ ቀድሞ እጁን የሚያወርድ ደፋር ጠፋ።

"አወረደች?" አሉ ሊቀመንበሩ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ።

"ኧረ እንደ ቆመች ናት ጓድ" አለ የአብዮት ጥበቃው ኡርጌሳ።

ሸዋወርቅ አላስቻላትም። "ሸንኮራ የሚታደል መስሏት እኮ ነው፤ ምን ነካችሁ?"

"የሌላውን ንቃት ማጣጣል አይገባም" አሉ ሊቀመንበሩ። "ለመሆኑ እርስዎ ስብሰባ የሚመጡት የቀበሌው ሱቅ ስኳር እንዳይከለክልዎት አይደለም?"

ሸዋወርቅ እጇን ይበልጥ ከፍ አደረገች። እኛም የየራሳችንን ጫማ ማየት ጀመርን።

ኡርጌሳ ግን ሥራው መጠበቅ ነውና ሌላ ነገር አይቶ ኖሯል። "ጓድ፣ ገሠሠ እጁን አላነሳም።"

"ገመዷን በሁለት እጄ ይዤ ነው፣ ጌታዬ" አለ ገሠሠ ደንግጦ።

"ጌታዬ?" አሉ ሊቀመንበሩ። "ጌታ ቀርቷል። እንዲህ ያለችውን ንቁ ፍጡር በገመድ አስረህ ትጨቁናለህ፣ እኛን ደግሞ ጌታዬ ትለናለህ። አሁን ገና ነገሩ ገባን።"

ውሳኔው በአንድ ድምፅ አለፈ። ጨቋኙ ገሠሠ ቤቱን እንዲለቅ፣ ቤቱም ለብርቄ እንዲሰጥ። መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን። ገሠሠም ልማድ ሆኖበት አብሮን አጨበጨበ።

አሁን የሚያድረው አንድ ጋሪ ነጂ ግቢ፣ ከፈረሱ ጋር ነው። ከሥራ ሲመለስ ሸንኮራዋን በመስኮት ያቀብላታል፤ ከውስጥ ትቀበለዋለች፤ እሱ ውጪ ቁጭ ብሎ ይመጥጣል። ቤት ይሰጡኝ ይሆናል ብሎ አንድም ስብሰባ አያመልጠውም፤ መፈክር ሲባል ሁለቱንም እጁን ነው የሚያነሳው። ብርቄ ግን ቤት ካገኘች ወዲህ ስብሰባ መጥታ አታውቅም።