በየትኛው «ሀ»?

«አስር ደቂቃ አይፈጅም» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥማችሁ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ከልምድ ነው የምነግራችሁ፤ እንደዚያ የምለው ሰው እኔ ነኝ። ሀይሉ እባላለሁ። ዌብሳይት እሠራለሁ። ቢሮዬ ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ነው። ቢሮ ስላችሁ ደግሞ ብዙ አትጠብቁ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ከታች የሚመጣ የመዶሻ ድምፅ ነው።

የካዛንቺስ እድራችንን ዌብሳይት የሠራሁት እኔ ነኝ። እድር ዌብሳይት ምን ያደርግለታል እንዳትሉኝ! ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ጀሞ፣ አያት፣ የካ አባዶ ከተበተነ ወዲህ ጥሩምባ ነፊው የት ቆሞ ይንፋ? የቴሌግራም ግሩፕ ነበረን። በኮሚቴ ምርጫ ሰሞን ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ተሰዳደቡበትና ሰብሳቢያችን ጋሽ ተስፋዬ ዘጉት። ስለዚህ አባላቱ ቅዳሜ ማታ ማታ ልጆቻቸውን «እስኪ የእድሩን ክፈትልኝ» ይላሉ። የሚያምኑት ዌብሳይቱን ብቻ ነው።

ነገሩ የተፈጠረው አንድ ቅዳሜ ነው። በማግስቱ እሁድ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ጠቅላላ ጉባኤ አለን። ካዛንቺስ ይዘነው የነበረው አዳራሽ ደግሞ ዓርብ ዕለት ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጠረ። ጋሽ ተስፋዬ ሮጠው ላንቻ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ አገኙ። የቀረው ለአባላቱ ማሳወቅ ብቻ ነው። ካልተነገራቸው ስንት አዛውንት ከከተማው ጫፍ ሦስት ታክሲ ቀያይረው መጥተው ከቆርቆሮ ጋር ሊፋጠጡ ነው! ስልክ ለምን አይደወልላቸውም? የስልክ ዝርዝሩም ያለው እዚያው ዌብሳይቱ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ዌብሳይቱን ወደ አዲስ ሰርቨር ለማዛወር እኔ የመረጥኩት ይህንኑ ቀን ነበር። አሮጌው ይጎተታል፤ ማስታወቂያውን በአዲሱ ላይ ባወጣው ያምርብኛል ብዬ ነው። ጋሽ ተስፋዬ «ከስብሰባው በኋላ ቢሆንስ?» ብለውኝ ነበር። ምን እንዳልኳቸው ታውቃላችሁ።

መዛወሩስ ተዛወረ። ፎቶው፣ ዝርዝሩ፣ አንድም ነገር አልጎደለም። ደስ ብሎኝ አሮጌውን ሰርቨር እስከ መጨረሻው አጠፋሁት። ከዚያ ማስታወቂያውን ልለጥፍ በአስተዳዳሪው በር ልገባ ስል አዲሱ ሰርቨር የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። አሮጌው ጠይቆኝ አያውቅም። ኮምፒውተሬን ስለለመደው ለዓመታት ዝም ብሎ ያስገባኝ ነበር።

ቃሉን ያወጡት የእድሩ ጸሐፊ እትዬ ጽጌ ናቸው። ደወልኩላቸው። «ጸሀይ ወጣች ነው የኔ ልጅ፣ በአማርኛ፣ ሳይነጣጠል» አሉኝ።

ጻፍኩ። «የይለፍ ቃሉ ትክክል አይደለም» አለኝ። ረጋ ብዬ ጻፍኩ። አይደለም። ተናድጄ ጻፍኩ። አይደለም። ብራውዘር ቀየርኩ፣ ኩኪ ሰረዝኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ የፈረደበትን ሰርቨር ሰደብኩ። «የይለፍ ቃል ረሱ?» የሚለውን ነካሁ። መክፈቻውን በእድሩ ኢሜይል ልኬልሃለሁ አለኝ። የእድሩ ኢሜይል ደግሞ የሚከፈተው በዚያው በር ገብቼ ሳስተካክለው ነው! ሰርቨሩን የሚያከራዩን ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ናቸው፤ ሰኞ እናናግርዎታለን የሚል መልእክት መለሱልኝ።

በየሃያ ደቂቃው ጋሽ ተስፋዬ ይደውላሉ። «ገባህ?»

«አልገባሁም ጋሼ።»

«አሁንስ? ገባህ?»

እሳቸው የሚጠይቁት በበሩ ስለመግባቴ ነው። ነገሩ ገብቶህ እንደሆነ ብለው ቢጠይቁኝም መልሴ ያው ነበር።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ አስጠነቀቀኝ፦ አንድ ሙከራ ብቻ ይቀርዎታል፤ ከተሳሳቱ ለሃያ አራት ሰዓት ይዘጋል። ይህን ጥበቃ ያደረግኩት እኔው ነኝ፤ ለሌባ ብዬ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። በዱላ የሚሄዱት የሰፈሬ እናቶች ቆርቆሮው ስር ቆመው ታዩኝ።

በመጨረሻ አንድ ድምዳሜ ላይ ደረስኩ፦ እትዬ ጽጌ ረስተውታል። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ! ላፕቶፔን ታቅፌ በሚኒባስ ወደ ቤታቸው፣ ወደ ቄራ ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ እንዴት አለስልሼ እንደምነግራቸው ስለማመድ ነበር።

እትዬ ጽጌ ጡረታ የወጡ ታይፒስት ናቸው። ስደርስ ጎረቤት ያመጣላቸውን ማመልከቻ በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ።

«እትዬ፣ ምናልባት ረስተውት ይሆን?» አልኳቸው።

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ሠላሳ ዓመት ስተይብ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ረስቼ አላውቅም» አሉና ወረቀት ሰጡኝ። «ጻፈው።»

ጻፍኩላቸው። ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ብትጽፉ የሚታየው ነጥብ ብቻ ነው፤ ወረቀት ግን ገመና አይሸፍንም። እትዬ ጽጌ «ጸሀይ» የምትለዋን ቃል አይተው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ይቺማ አትወጣም» አሉ። «በየትኛው ሀ ነው የጻፍከው?»

«ስንት ሀ አለ?» አልኳቸው።

ማመልከቻ ሊያሳርም የመጣው ጎረቤት ራሱ አቀረቀረ። እትዬ ጽጌ ግን አልተቆጡም፤ ይልቁንስ አዘኑልኝ። ሃሌታው ሀ አለ፣ ሐመሩ ሐ አለ፣ ብዙኃኑ ኀ አለ አሉኝ። «ጸ»ም እንደዚሁ፤ ጸሎቱ ጸ አለ፣ ፀሐዩ ፀ አለ። «ስሟ ራሱ ፀሐዩ ፀ ነው። ለፀሐይ ያልሆነች ለማን ልትሆን ነው?»

«ድምፁ እኮ አንድ ነው» ብዬ ተከራከርኩ።

«ለጆሮማ አንድ ነው። ለኮምፒውተርህስ?»

ለኮምፒውተር እያንዳንዷ ፊደል የተለያየች ናት። ይህን እሳቸው ሳይሆኑ እኔ ነበርኩ ማወቅ ያለብኝ! በሆዴ አሰላሁት። ሁለት ዓይነት ጸ፣ ራብዖቹን ጨምሮ ስድስት ዓይነት ሀ። አስራ ሁለት ፀሐይ ማለት ነው፤ እኔ ከሰዓቱን ሙሉ አንዷን ብቻ ስደበድብ ዋልኩ።

ላፕቶፑን አቀበልኳቸው። «ሐመሩ ሐ የቷ ጋ ናት?» አሉኝ። አላውቅም! ለዓመታት ስጽፍበት የኖርኩት ኪቦርድ ነው እኮ። ባዶ ገጽ ከፍተን ፈለግናት። አንዷን በሺፍት፣ ሌላዋን ደጋግመን በመንካት አገኘናቸው። ከዚያ እትዬ ጽጌ ጀርባቸውን ቀና አድርገው፣ በአስሩም ጣታቸው፣ ኪቦርዱን ሳያዩ ጻፉት። ፀሐይወጣች። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አስተዳዳሪ» ይላል።

ጮህኩ! እትዬ ጽጌ እልል አሉ። ጎረቤትየው ምኑም ሳይገባው አጨበጨበ። ስልኬ ጠራ።

«ገባህ?»

«ገባን ጋሼ! ገባን!»

ማስታወቂያውን ጻፍኩ፣ እትዬ ጽጌ አራት ቦታ አረሙት፣ ለጠፍነው። በማግስቱ ላንቻ ብታዩ! ወንበር አልበቃ ብሎ ከየክፍሉ አግዳሚ ተጎተተ። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ያልተያዩ ሰዎች አንገት ለአንገት ተናንቀው አይላቀቁም። አንድም ሰው ቆርቆሮው ጋ አልቀረም። ልቤ በደስታ ሞላ። ጋሽ ተስፋዬ ተነስተው «ባለሙያችን» ብለው አስጨበጨቡልኝ። እኔም፣ አያሳፍርም፣ እጅ ነሳሁ። እትዬ ጽጌ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ጉባኤው የዌብሳይቱ ዋና አስተዳዳሪ አድርጎ የመረጣቸው እሳቸውን ነው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጽጌ ደወሉልኝ። ለእኔም በስሜ መግቢያ ከፍተውልኛል። ወዲያው ስሜን ጻፍኩ። «በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም» አለኝ። ደገምኩት። የለም። ደስ አለኝ! እሳቸውም ይሳሳታሉ ማለት ነው ብዬ ደወልኩ።

«በየትኛው ሀ ነው የጻፍከው?» አሉኝ።

«እትዬ፣ የራሴ ስም እኮ ነው! መታወቂያዬ ላይ ያለው ነው።»

«መታወቂያህን ተወው። አባትህ እድሩ መዝገብ ላይ በገዛ እጃቸው ያሰፈሩት አለ። በብዙኃኑ ኃ ነው።»

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ያቺን ፊደል ፈለግኳት። ዕድሜዬን ሙሉ ጽፌያት አላውቅም። ኃይሉ። በሩ ተከፈተ።

«ገባህ?» አሉኝ።

«ገባሁም፣ ገባኝም እትዬ።»