በሰርግ ቀን የታዘዘ ዳዋ

ናይሮቢ ላይ ያስነጠሰ አበሻ ሁሉ ስለ ቫይታሚን ሲ ሲሰብከኝ መስማት ታክቶኛል። ድድ ያጠነክራል፣ ቁስል ያሽራል፤ ይህን እኔ ያለ አስተማሪ አንብቤ አውቄዋለሁ። ታዲያ ለሁሉም በሽታ ይሆናል ማለት ነው?

ጎረቤቴ ታፈሰ ልጁን በሚድርበት ቀን ጠዋት ድምፁ ተዘጋ። ሙሽሮቹን ማን ይመርቅ? ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንድ ሆቴል ወስጄ ዳዋ አዘዝኩለት፤ በስዋሂሊ መድኃኒት ማለት ነው፣ ሎሚና ማር ያለበት።

«ጋሼ፣ ምነው በረዶ አለው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሙቀት ቫይታሚኑን ስለሚገድለው ነዋ! ጠጣ!»

ሦስት ብርጭቆ ጠጣ። ቀዝቃዛው ዳዋ ቮድካ እንዳለበት አስተናጋጁ የነገረን ስንወጣ ነው።

ታፈሰ ሙሽራውን ትቶ ሚዜውን መረቀ፤ ድምፁ ግን ከከተማው ዳር እስካለው ሩንዳ ሰፈር ተሰማ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ጉሮሮውን የከረከረው ሁሉ በሬን እያንኳኳ የሆቴሉን ስም ይጠይቀኛል።