ሉስዳሪን ለማስቆም

[በኮሎምቢያ፣ በካሪቢያን ባሕር ዳር ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። ረፋድ። አያት ኤፍራይን በኮኮናት ቅርፊት አሸዋ ይቆፍራል። አበልጁ ቶሪቢዮ ሕፃኗን ሉስዳሪን ታቅፎ ቆሟል። ዓመት አልፏታል፤ ገና አልሄደችም።]

ቶሪቢዮ፦ እኔ የምለው አበልጄ፣ ምን አጥፍታ ነው የምትቀብራት?

ኤፍራይን፦ እስከ ወገቧ ብቻ ነው! የሞቀ አሸዋ የሰነፈ እግር ያጠነክራል። አንተን እናትህ አልቀበረችህም እንዴ?

ቶሪቢዮ፦ ቀብራኛለች አሉ።

ኤፍራይን፦ በጭንቅላትህ በኩል መሆን አለበት።

ቶሪቢዮ፦ ለምን ዛሬ ሆነ ታዲያ?

ኤፍራይን፦ ልጄ ከካርታኼና ዛሬ ትመጣለቻ! «ካልሄደች ይዣት እመለሳለሁ፤ ሐኪም ይያት» ብላኛለች በስልክ። ከተማ ከገባች ደግሞ መቼም አላገኛትም።

ቶሪቢዮ፦ አንተስ ምን አልካት?

ኤፍራይን፦ [ጉሮሮውን ጠርጎ] ትሮጣለች አልኳት።

ቶሪቢዮ፦ ማን?

ኤፍራይን፦ የጎረቤት ፍየል! ማን ልበል? በል አምጣት።

[ሉስዳሪ ጉድጓዱን ስታይ እግሯን እንደ ሸርጣን ሰብስባ ታለቅሳለች። ኤፍራይን ለቅሶዋን አይችልም። ሚስቱ ካለፈች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የቀረ ዜማ ቢኖር የዚህች ልጅ ኮልታፋ ድምፅ ብቻ ነው። እሷም ከሄደች፣ ማዕበሉ ብቻውን ሊያዜም ነው።]

ኤፍራይን፦ እሺ የኔ ዕንቁ፣ እሺ። አስቀምጣት ቶሪቢዮ። መጀመሪያ በኔ አይታ ትልመድ። [ጉድጓዱ ውስጥ ይንበረከካል] አሸዋ አልብሰኝ።

ቶሪቢዮ፦ አንተን?

ኤፍራይን፦ አይ፣ ባሕሩን!

[ቶሪቢዮ በሙሉ ልቡ ያለብሰዋል፤ በመዳፉም ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል።]

ቶሪቢዮ፦ እንዲይዝልህ ብዬ እርጥቡን ነው ያደረግሁልህ።

ኤፍራይን፦ ተባረክ፤ ዛሬስ አሰብክ። መሄድ ቀላል ይመስልሃል አይደል? አንገቷን ያቀናች ቀን የሱፍ አበባ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ተገለበጠች፤ ከዚያ ተቀመጠች፤ ከዚያ ዳኸች። አንድ ቀን የገዛ እጇን ከፍ አድርጋ ስታጠናው አይቼ አለቀስኩ።

ቶሪቢዮ፦ እኔም እጄን አያለሁ፤ ማንም አያለቅስልኝም።

ኤፍራይን፦ ያንተም ያስለቅሳል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። [ያንጎራጉራል]
ሉስዳሪ ተነሽ፣ ቁሚ በእግርሽ፣
ባሕሩም ዝም አለ ሊያይ እርምጃሽ።

[ሉስዳሪ ቁጭ ብላ ታጨበጭባለች።]

ቶሪቢዮ፦ ሰው ሲነሣ ግን በምኑ ነው የሚጀምረው?

ኤፍራይን፦ ይኼም ጥያቄ ሆነ? ስንት ዓመት ስትቆም ስትቀመጥ ኖረህ! ጉልበትህን ታዘዋለህ፣ ተረከዝህን ትገፋለህ፣ ከዚያ... [ይገፋል። ምንም የለም። እንደገና ይገፋል] ቶሪቢዮ።

ቶሪቢዮ፦ አቤት።

ኤፍራይን፦ እግሬ የት አለ?

ቶሪቢዮ፦ እኔ አልነካሁም።

ኤፍራይን፦ ደንዝዟል! አውጣኝ!

ቶሪቢዮ፦ አይታ ትልመድ አላልክም? ገና እያየች እኮ ነው።

[የጀልባ ሞተር ይሰማል። ኤፍራይን አሸዋውን በጥፍሩ ይቧጥጣል። ሉስዳሪ እየዳኸች መጥታ ጆሮውን ትይዛለች፤ ከዚያ ጢሙን። የተንበረከከ አያት ቁመት ለካ ለእሷ ልክ ነው። ጢሙን ስባ ትቆማለች። ሊዘፍን ያምረዋል፤ አፉን ግን እሷ ይዛዋለች። ከዚያ ትለቀዋለች። እጆቿን እንደ ክንፍ ዘርግታ፣ እየተንገዳገደች፣ ወደ ውኃው ትሄዳለች። እናቷ ኦዳሊስ ከጀልባው ዘላ ወርዳ ታቅፋታለች።]

ኦዳሊስ፦ የኔ እናት! እውነትም ትሄጃለሽ! አባባ፣ የዋሸኸኝ መስሎኝ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

ኤፍራይን፦ አባትሽ ዋሽቶ ያውቃል?

ኦዳሊስ፦ ቆይ ግን፣ አሸዋ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?

[ኤፍራይን ቶሪቢዮን በዓይኑ ይማጸነዋል።]

ቶሪቢዮ፦ እሷማ መሄድ ከጀመረች ሰነበተች፣ ልጄ። አሁን ተራው የእሱ ነው። እግሩ አልታዘዝ ብሎት ነው የቀበርነው።

ኦዳሊስ፦ እንዲህ ሆነህ ነው በስልክ የደበቅኸኝ? አባባ ቶሪቢዮ፣ ቶሎ አውጣልኝ፤ ካርታኼና ይዤው ልሂድ፤ ሐኪም ይየው። እስክንመለስ ሉስዳሪ አንተ ጋ ትሁን።

ኤፍራይን፦ ኧረ እኔ ደህና ነኝ! ቶሪቢዮ፣ እውነቱን ንገራት እንጂ!

ቶሪቢዮ፦ [ሕፃኗን እየተቀበለ] ሙሉውን እውነት ነው አበልጄ፣ ወይስ የእግርህን ብቻ?