ማንንም ሳያስቀይሙ ስልክ ስለ መግዛት

በውሃ መሥሪያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ የቅሬታ ሰሚ ክፍል የሚባል የተከበረ ክፍል አለ። ክፍሉ ከተቋቋመ ጀምሮ በውሳኔው የተከፋ አንድም ሰው የለም፤ ውሳኔ ሰጥቶ አያውቅማ። ይህ አኩሪ ውጤት የተገኘው በክፍሉ ኃላፊ በጋሽ ይሁን ብርቱ ጥረት ነው። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ለመጣው ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው “ይሁን፣ እናየዋለን” ስለሚሉ ስሙ በዚያው ጸደቀላቸው። ቧንቧቸው ከደረቀ የከረመ አንዲት እናት በየሳምንቱ እየመጡ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ። ጋሽ ይሁን ጤናቸውን ይጠይቋቸዋል፣ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ እያነሡ ደህንነታቸውን ያጣራሉ፣ እስከ ደረጃው ድረስ ይሸኟቸዋል። ሴትዮዋ ውሃ የላቸውም፤ ቅያሜም የላቸውም።

እንግዲህ ስልክ መቀየር ያስፈለጋቸው እኚህ ሰው ናቸው።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነበር። ሌላ ከተማ ያገባችው ሴት ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃርባለች። የጋሽ ይሁን ስልክ ደግሞ ከእጃቸው አምልጦ ደረጃ ላይ ከወደቀ ወዲህ ስክሪኑ ከግማሽ በታች ጠቁሯል። ሰው በቪዲዮ ሲደውልላቸው ግንባሩን እንጂ አፉን አያዩም። አያት ሲሆኑ የመጀመሪያቸው ስለሆነ የልጅ ልጃቸውን ሙሉ ፊት ለማየት እንደ ሕፃን ጓጉተዋል። ልጃቸው መፍትሔውን በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው።

“አባዬ፣ አንድሮይዱን ተወውና እንደኛ አይፎን ግዛ። መሀል ከተማ ወዳለው ትልቁ ሱቅ ሂድ፤ ዋስትና ይሰጡሃል፣ ስልክ ቁጥሩንም ፎቶውንም ራሳቸው ያዛውሩልሃል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።”

ጋሽ ይሁን “ይሁን” አሉና ጉዳዩን ማጥናት ጀመሩ።

ልጅቱ ልጅ ናትና ስልክ ከሱቅ የሚገዛ መስሏታል። ስልክ የሚገዛው ከሰው ነው። የሚስታቸው ወንድም ከሰፈሩ መታጠፊያ ላይ ስልክ ቤት አለው፤ የሚሸጠው አንድሮይድ ብቻ ነው። ጋሽ ይሁን በደጁ ሲያልፉ ከመቀመጫው ይነሣል። የተነሣልህን ሰው አልፎ ሄዶ ከባዳ ላይ መግዛት በየትኛው ዓይን ነው? የአለቃቸው ባለቤትም ስልክ ታስመጣለች ይባላል። ይህን አለቃው ራሱ አንድ ስብሰባ ላይ በጨዋታ መሀል ጣል አድርጎት ነበር። አለቃ በጨዋታ መሀል ጣል የሚያደርገው ነገር መመሪያ መሆኑን ያልተረዳ ሠራተኛ ደግሞ ጡረታው ድረስ አይዘልቅም።

ሚስታቸውን አማከሩ። ሚስት የሸሚዝ ቁልፍ እየተከሉ ነበር፤ ቀናም አላሉ።

“ደስ ካለህ ቦታ ግዛ። ወንድሜ እንደሆነ ምንም አይለውም።”

“ምንም አይለውም” የሚለውን ቃል ጋሽ ይሁን በትዳር ዘመናቸው በጥልቀት መርምረውታል። ምንም የማይለው ሰው ነገሩን አጣጥፎ ያስቀምጥና ሠርግ ላይ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ዘርግቶ የሚያሳይ ሰው ነው። ስለዚህ የሚስታቸውን ወንድም አስቀድመው ፈቃዱን ሊጠይቁ ወሰኑ። ንግግራቸውንም አዘጋጁ፤ “የዛሬው አመጣጤ ዓላማ፣ በመካከላችን ያለውን የቆየ መከባበር በማይጎዳ አኳኋን” ብሎ የሚጀምር ነበር። ሰውየው ግን ሲያያቸው ብድግ አለ፣ ወንበሩን በእጅጌው ጠረገ፣ ሻይ አስመጣ። ጋሽ ይሁን ሻዩን እየጠጡ ንግግራቸውን ዋጡት። ከሱቁ ሲወጡ በእጃቸው አዲስ አንድሮይድ ይዘዋል። የሽግግሩ የመጀመሪያ ምዕራፍ በዚህ ሁኔታ ተጠናቀቀ፤ ከአንድሮይድ ወደ አንድሮይድ።

በማግሥቱ አለቃው ስልኩን ጠረጴዛቸው ላይ አየው። “አዲስ ነው? መልካም ነው” ብሎ ሄደ። መልካም ነው ያለበትን ድምፅ ጋሽ ይሁን ቀኑን ሙሉ በጆሯቸው ሲያመላልሱት ዋሉ። ከሥራ ሲወጡ እግራቸው የወሰዳቸው ወደ አለቃው ቤት ነው። የአለቃው ባለቤት ግራ ተጋብታ ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ከፍታ ከአንሶላዎቹ ሥር አንድ ስልክ አውጥታ ሰጠቻቸው። እሱም አንድሮይድ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍም በስኬት ተጠናቀቀ፤ ለአይፎኑ ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብም አብሮ ተጠናቀቀ።

አሁን የቀረው የአሠራር ጥያቄ ብቻ ነበር። ስልኩ ሁለት ነው፣ ሲም ካርዱ አንድ። ሁለተኛ ቁጥር ማውጣት ደግሞ ለሚስት የሚያስረዱት ነገር አይደለም። ስለዚህ ጋሽ ይሁን የራሳቸውን ደንብ አወጡ፤ በሰፈር የሚስታቸው ወንድም ስልክ፣ በቢሮ የአለቃው ባለቤት ስልክ። ጠዋትና ማታ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ቆመው ኮታቸው ላይ በሰኳት መርፌ ሲሟን ከአንዱ አውጥተው ወደ ሌላው ይከታሉ። ለተሳፋሪው ሰዓት ሠሪ ይመስሉት ነበር። አንዱም አልተከፋ፣ አንዱም አልተቀየመ።

አንድ ቀን ጠዋት ግን ሲሟን ከአንዱ አውጥተው ወደ ሌላው ሳይከቱ አውቶቡሱ ደረሰ። የሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ጣሏትና ተሳፈሩ፤ ከዚያ በኋላ ትዝም አላለቻቸው። ሁለቱም ስልኮች ጸጥ ብለው አረፈዱ። ጋሽ ይሁን ሰላም መሰላቸው።

ረፋዱ ላይ አለቃው የክፍሉን ዓመታዊ ውጤት ሊሰማ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ነበር። በሩ ድንገት ተበረገደና የሚስታቸው ወንድም እያለከለከ ገባ።

“ጋሼ፣ የት ጠፉ? ከንጋት ጀምሮ ሁላችንም እየደወልን ነው። ልጅዎ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ልጅ ናት።”

ጋሽ ይሁን ብድግ ሲሉ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ሊሸፍኑበት ያነሡት ፋይል መሬት ወደቀ። ልደውል ብለው ከኮታቸው ኪስ ሌላውን አወጡ። አለቃው ከኪስ የወጣውን አየ፣ የሚስታቸው ወንድምም ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየ። ጋሽ ይሁን ላብ በላብ ሆነው፣ እየተንተባተቡ፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ ቁም ሣጥኑና ስለ መርፌዋ ሁሉንም ዘረገፉት።

የሚስታቸው ወንድም ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ቀን ከእኔ ባይገዙ ብዬ በሆዴ ስጸልይ ነበር። ለዘመድ ስልክ መሸጥ ማለት ዕድሜ ልክ ‘ይሄ ነገር የት ገባ’ ሲባል መኖር ነው። ግን አልሸጥም ብል ይከፋዎታል ብዬ ነው።”

አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። “ባለቤቴም ካቆመች ቆየች። ያ ስልክ ለራሷ ያስቀመጠችው ነበር። እንዲህ ደክመው መጥተው ባዶ እጃቸውን ቢመለሱ ቅር ይላቸዋል ብላ ነው።”

በክፍሉ ውስጥ አሁንም ማንም አልተከፋም ነበር። ከዚያ የሚስታቸው ወንድም የሕፃኗን ፎቶ ሊያሳያቸው ከኪሱ ስልኩን አወጣ። አይፎን ነበር።

“ይሄን ከየት ገዛኸው?” አሉ ጋሽ ይሁን።

“ከትልቁ ሱቅ ነው። ዋስትና አላቸው።”

አለቃውም በትሕትና የራሱን ከኪሱ ብቅ አደረገ፤ ያው ነው።

ጋሽ ይሁን ፎቶውን አዩ። ግንባር፣ አፍንጫ፣ አፍ፣ ሁሉም አለ፤ አፏ ቁርጥ የእናቷን ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሚስታቸው አይታታለች፣ የሚስታቸው ወንድም አይቷታል፣ ጎረቤቶች አይተዋታል፣ አሁን ደግሞ አለቃው በትከሻቸው ላይ ተንጠራርቶ እያያት ነው። የጓጓ አያት ከሁሉ መጨረሻ ደረሰ።

“ቅር አለዎት እንዴ፣ ጋሼ?” አለ የሚስታቸው ወንድም።

“ይሁን” የምትለው ቃል እንደ ልማዷ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደረሰች። መልሰው ዋጧት።

“አዎ” አሉ፤ “ቅር ብሎኛል።”

አለቃው ደነገጠ። እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ክፍል ተሰምቶ አያውቅም። ከወንበሩ ተነሥቶም “ቅሬታ ካለዎት ለሚመለከተው ክፍል ማቅረብ ይችላሉ” አላቸው።

የሚመለከተው ክፍል ያው የቆሙበት ነው። ጋሽ ይሁን ጠረጴዛውን አዩት፣ ወንበራቸውን አዩት። ክፍሉን ከማንም በላይ ስለሚያውቁት ኮታቸውን አንሥተው፣ ሁለቱንም ስልኮች እዚያው ትተው፣ ልጃቸው ወዳለችበት ከተማ የሚሄደውን አውቶቡስ ሊሳፈሩ ወጡ።

ኮሪደሩ ላይ ቧንቧቸው የደረቀባቸው እናት ከአግዳሚው ተነሡ።

“ጌታዬ፣ የኔስ ነገር እንዴት ሆነ?”

“እናቴ፣ እዚህ አይጠብቁ፤ እዚህ የሚሠራ ነገር የለም። ምድር ቤት ጥገና ክፍል አለ፤ ሠራተኛ ካልሰጣችሁኝ ከደጃችሁ አልነሣም ይበሏቸው” አሉና ደረጃውን ወረዱ።

ክፍሉ ከተቋቋመ ጀምሮ የሰጠው የመጀመሪያ ውሳኔ ይህ ነው። ሴትዮዋ በዚያው ዕለት ማታ ውሃ መጣላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ተመልሰው መጥተው፣ ኃላፊው ጤናቸውን እንኳ ሳይጠይቁ፣ እስከ ደረጃው ሳይሸኙ አመናጭቀው እንደ ሰደዷቸው ገልጸው ቅሬታ አስገቡ። ቅሬታው እስከ ዛሬ እየታየ ነው።