የማግኔትና የፒየዞ አደላዳይ ኮሚቴ

የሥራ አስኪያጃችን አርቆ አሳቢነት በተነሣ ቁጥር፣ በቤዝ ጊታሩ ጉዳይ የሰጡት በሳል አመራር ሳይወሳ መታለፉ ትልቅ በደል ነው።

በመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ቤዝ የተጫወቱት ሽማግሌ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። በምሥረታ በዓሉ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሊጫወቱ ነው። ጊታራቸው ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚያነሣ ማግኔት አለው፤ ድምፁ ወፍራምና ሞቅ ያለ፣ ግን ድፍርስ ነው። የድምፅ ባለሙያዋ አዘነችላቸውና፣ የእንጨቱን ንዝረት ጥርት አድርጎ የሚያነሣ ፒየዞ የሚባል ቀጭን ነገር ክሮቹ በሚያርፉበት ድጋፍ ውስጥ ገጠመችላቸው። ሁለቱን የምትቀላቅል አንዲት ማዞሪያም አደረገች።

የንብረት ክፍል ቅጽ ይዞ መጣ። “ከሁለቱ ዋናው የቱ ነው? ምክትሉስ?”

“ዋና የለውም፤ እንደ ዘፈኑ ነው” አሉ ሽማግሌው።

“እንደ ዘፈኑ የሚባል አሠራር የለንም።”

ሥራ አስኪያጁ ባለ ሰባት አባል ኮሚቴ አቋቋሙ። ሦስቱ የማግኔትን የረጅም ዘመን አገልግሎት አወሱ፤ ሦስቱ ለአዲስ ገቢው ዕድል ይሰጠው አሉ፤ ሰባተኛው፣ ጉዳዩ የድምፅ ስለሆነ፣ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ጊታር በእጁ ነክቶ የሚያውቅ አባል አለመኖሩ ለገለልተኝነቱ ዋስትና ሆነ። ከሁለት ሳምንት ክርክር በኋላ ሃምሳ በሃምሳ ተባለ። ማዞሪያዋ መሃል ላይ ቆማ ፕላስተር ተለጠፈባት፤ በፕላስተሩ ላይ ማኅተም ተመታ።

ሽማግሌው ወፍራሙን ክር መቱት። ጉንፋን የያዛት ትንኝ የመሰለ ነገር ወጣ።

“አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል” አለች ባለሙያዋ። “እኩል ሲሆኑ ይጠፋፋሉ። ከጊታሩ ጀርባ ባለችው ስዊች አንዱን ብንገለብጠው ግን…”

“መገልበጥ?” ሥራ አስኪያጁ ከመቀመጫቸው ተነሡ። “በዚህ ቤት ማንም ማንንም አይገለብጥም! ለመሆኑ በድምፁ ላይ ቅሬታ ያቀረበ አለ?”

“ምኑ ተሰምቶ?” አለች ባለሙያዋ።

“በቃ፣ መግባባት ማለት ይኸው ነው።”

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። “ልጄ ሠላሳ ዓመት ምን ስሠራ እንደኖርኩ ልትሰማ ነው የምትመጣው። ጣቴን ሳወዛውዝ አይታ ትሂድ?”

በዓሉ ደረሰ። ሽማግሌው ሁለት ዘፈን ሙሉ ጣታቸውን አወዛወዙ። ልጃቸው ከፊት ወንበር ላይ ጆሮዋን በመዳፏ ደግፋ ታዳምጣለች። ባለሙያዋ አላስችል አላትና፣ ገመድ የምታስተካክል መስላ መድረክ ወጣች፤ ስዊቿን ቀጭ አደረገቻት።

የቤዙ ድምፅ ዱም ብሎ ወጣ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ፤ ሰዉ ከወንበሩ ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ የንግግራቸውን ወረቀት ጥለው ሊጨፍሩ መሃል ገቡ። ልጅቷ “አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ?” ብላ ስትጮህ፣ ሽማግሌው እየሳቁ እንባቸውን በትከሻቸው ጠረጉ።

ሰኞ ጠዋት ባለሙያዋ ተጠራች።

“የኮሚቴ ውሳኔ ሽረሻል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶሻል።”

“እሺ። ስዊቿን ወደ ነበረችበት ልመልሳት?”

“እንዳትነኪያት!” አሉ ሥራ አስኪያጁ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው ለጸሐፊያቸው አስጻፉ፦ “ጥፋቱ የእሷ፣ ድምፁ የኮሚቴው ሆኖ ይመዝገብ።”