የባዶ ቦታ ዘበኛ

ቁልፍ የተሰጠው ሰው ሁሉ ይከፋል። የእህል ጎተራ ጠባቂም፣ የመድኃኒት ግምጃ ቤት ሹምም በአደራ የያዘውን ሲሰጥ ከገላው ቆርሶ የሚሰጥ ይመስለዋል። ከሁሉም የከፋው ግን ባዶ ቦታ የሚጠብቀው ነው።

በፊጂ፣ ሱቫ ወደብ ላይ፣ በደሴቶች መካከል ሰውና ጭነት በሚያመላልሰው ትንሽ ድርጅታችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ነበረን። ካሊዮፓቴ ይባላል። ሥራው የመረጃ ቋታችን የተከማቸባቸውን ዲስኮች በቡድን በቡድን አደራጅቶ ማስተዳደር ነው። እኛ «ክቡር የባዶ ቦታ ሚኒስትር» እንለው ነበር።

ክቡርነታቸው ቦታ ሲለመኑ ቀና አይሉም። የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊዋ የሽርሽሩን ፎቶዎች ልታስቀምጥ ብትሄድ፣ «መቶ ፎቶ ነው፤ በዘጠና ስምንቱ ዓይንሽን ጨፍነሻል። ሁለቱን አምጪ» አሏት። እኔንም አልማሩኝም። «ይህን ሪፖርት ሰባት ጊዜ አስቀምጠኸዋል፤ ሰባተኛውም አልተሻሻለም» አሉኝ። እውነት ነበር፤ ስለዚህም ለብዙ ጊዜ አልወደድኋቸውም።

ሥራ አስኪያጃችን አሚኒያሲ የካሊዮፓቴ አክስት ልጅ ነው። እንዲህ የተዛመዱ ወንዶች ታቫሌ ይባባላሉ፤ ሲሰዳደቡም ማንም አይገላግላቸውም። አንድ ረቡዕ አሚኒያሲ የአሥራ አምስት ዓመት የጭነት ሰነድ ፎቶ አስነሥቶ፣ ይቀመጥልኝ ብሎ መጣና ስክሪኑን በጣቱ መታ።

«ታቫሌ፣ ዘጠኝ ቴራባይት ባዶ ይላል! ዓይን የለህም?»

«የሌለውስ ያንተ ሒሳብ ነው። ከዘጠኙ ስድስቱ ዲስክ ሲሞት የሟቹ ይዞታ እንደገና የሚጻፍበት ነው። ሦስት ቀረ። እያንዳንዱ ነገር ደግሞ በሁለት ዲስክ ላይ ስለሚጻፍ፣ ሦስቱ አንድ ተኩል ነው።»

«ከዘጠኝ ተነሥቶ አንድ ተኩል! አሳ እንድታካፍል የላክንህ ቀን ለእኛ ጅራቱ ብቻ የደረሰን ለካ በዚህ ሒሳብ ነው!»

«ጅራቱም በዝቶባችኋል።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አሚኒያሲ ግን ወዲያው ፊቱን ቋጠረ። «ሰነዱ እስከ ሰኞ ካልገባ በወንበርህ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።» እኔም በልቤ ለሥራ አስኪያጁ ፈረድሁ። ባዶ ቤት እየጠረገ ደመወዝ የሚበላ ሰው መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ማለዳ ከመርከቦቻችን አንዷ ወደ ላው ደሴቶች ተነሣች። ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንድ ዲስክ ሞተ። ሥራው አልቆመም፤ ሥርዓቱ የሟቹን ይዞታ ከሁለተኛው ቅጂ እያነበበ በባዶው ቦታ ላይ ይጽፍ ጀመር። ካሊዮፓቴ ምሳውን ትቶ ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠ። ሰባት ሰዓት ላይ ሥርዓቱ ጽፎ ጨረሰ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያ ሁለተኛ ቅጂ የነበረበት ዲስክ ሞተ። ሁለቱ የተገዙት በአንድ ቀን፣ ከአንድ ካርቶን ነበር።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልክ ተደወለ። ነፋሱ መርከባችንን ኮራል አለት ላይ አውጥቷት ኖሯል። የነፍስ አድኑ አለቃ ይጮኻል፦ «ሰባ አንድ ሰው አውጥተናል! ካፒቴኑ ራሱን ስቷል፣ የስም ዝርዝሩ ውኃ በልቶታል። ጨርሰናል ወይስ የቀረ አለ?»

የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ በማለዳ የተሳፈሩትን አያውቃቸውም። ያለን ዲስኮቹ ላይ ያለው ብቻ ነው። ካሊዮፓቴ ዝርዝሩን ከፈተ፤ በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ከተጻፈው ቅጂ አንድም ስም አልጎደለም።

«ከነሠራተኞቹ ሰባ ሦስት ናቸው» አለ። «ሁለት ቀርቷችኋል። ተመለሱ!»

«ባሕሩ እኮ ተቆጥቷል! እርግጠኛ ነህ?»

«ስማቸውን ላንብብልህ?»

ተመለሱ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጁን ከተገለበጠ ጀልባ ሥር ከነነፍሳቸው አወጧቸው። ቢሮው በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። አሚኒያሲ የሰነዱን ፎቶ የያዘውን ሣጥን በእግሩ ከጠረጴዛው ሥር ገፋውና፣ «ታቫሌ፣ ስንት ዲስክ ልግዛልህ?» አለ።

«አራት። ከአንድ ካርቶን እንዳይሆን።»

ሰውን ማመስገን ልማዴ አይደለም፤ ብዙ ምስጋና ትንሹን ሥራ ትልቅ ያስመስላል። በተከታዩ ሳምንት ዓርብ ግን ከሥራ በኋላ እንደ ወትሮው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠን ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጠበጠ። የመጀመሪያው ቅል ሁልጊዜ ለሥራ አስኪያጁ ነው። አሚኒያሲ ግን አልተቀበለም፤ በአገጩ ወደ ካሊዮፓቴ አመለከተ። ካሊዮፓቴ አንድ ጊዜ አጨበጨበ፣ ቅሉን ተቀበለ፣ ሳይተነፍስ ጨለጠው። እኛም ሦስት ጊዜ አጨብጭበን በአንድ ድምፅ «ማዛ!» አልን፤ ባዶ ሆነ ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የጮኽሁት እኔ ነበርሁ።